ሕንጻው አራቴ ያረጀበት ወር

በዩኒቨርሲቲው ሂሳብ ክፍል ውስጥ እሷን በስሟ የሚጠራት የለም። «ወር መጨረሻ» ነው የሚሏት። ለምዳዋለች፤ ሲጠሯት «አቤት» ትላለች።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእሷን ግን ያወጣችው አጠገቧ የምትቀመጠው ገንዘብ ያዥ ናት፣ የልብ ጓደኛዋ። አንድ መምህር መጥቶ «ሴትዮዋ መቼ ትገኛለች?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ወር መጨረሻ ላይ ከመጣህ ቀና ብላ አታይህም፤ ሌላ ጊዜ ከመጣህ ደግሞ ስለ ወር መጨረሻ ታወራሃለች» አለችው። በቃ፣ ስሙ እንደ ሙጫ ተጣብቆ ቀረ።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ወር ባለቀ ቁጥር ያንኑ ባለፈው ወር የመዘገበችውን መልሳ ትመዘግባለች። የተማሪዎች ማደሪያ ሕንጻ አለ፤ ሕንጻ እንደ ሰው ነው፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያረጃል፣ ያረጀውን ያህል ከዋጋው ላይ ይቀነስለታል። የአውቶቡሶቹ ኢንሹራንስ አለ፤ ባመት አንዴ ይከፈልና በየወሩ የወሩ ድርሻ ወጪ ይባላል። የኮፒ ማሽኖቹ ኪራይ አለ፤ እሱ ለየትምህርት ክፍሉ ይከፋፈላል። ሕንጻው ብዙ፣ ትምህርት ክፍሉ ብዙ። ቁጥሩ አይለወጥ፣ ኮዱ አይለወጥ፣ የሚለወጠው የወሩ ስም ብቻ። ዴቢት፣ ክሬዲት፣ ዴቢት፣ ክሬዲት። ጣቶቿ ቤት ገብታ እንኳን የጠረጴዛ ጨርቅ ላይ ይህንኑ ይመታሉ። ከወሩ ማለቂያ ቀን ጀምሮ ሂሳቡ እስኪዘጋ ድረስ እንኳን ሰው ቤት ልትሄድ የራሷንም ቤት በወጉ አታየውም።

ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ልጆቿም አግብተው ወጥተዋል። ስለዚህ ወር መጨረሻ ቢበላት ባይበላት የሚቆጣ አልነበረም፤ ሾፌሩ እስኪመጣ ድረስ።

ሾፌሩ ከወደብ ዕቃ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን፣ ፀጉሩ ወደ ኋላ የሸሸ። የቤተ ሙከራ ብርጭቆ ጭኖ አምጥቶ የማጓጓዣውን ወረቀት በመስኮቷ አስገባላት። ማህተም ጎድሎታል ብላ መለሰችው። አስመትቶ መጣ። ማህተሙ ደብዝዟል ብላ መለሰችው። ደግሞ አስመትቶ መጣና ክንዱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣

«ስሚኝማ፣» አላት፣ «ማህተሙ ሰበብ ከሆነ ንገሪኝ። እኔም ሰበብ አላጣም።»

ገንዘብ ያዥዋ ሳቋን ለመደበቅ የብር መቁጠሪያውን ማሽን በባዶው አስነሳችው። ወር መጨረሻ ፊቷ እንደ ፍም ቀላ፤ ወረቀቱን ግን ደህና አድርጋ ካየች በኋላ ነው የተቀበለችው። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምን መሰላችሁ? የሾፌሩ መሥሪያ ቤት እረፍት የሚሰጠው ወሩ በሚያልቅበት ቀንና በማግስቱ ነው። ሌላውን ቀን ሁሉ መንገድ ላይ ነው። እሱ ሲመጣ እሷ ትቀበራለች፣ እሷ ስትነሳ እሱ ይሄዳል። እንደ ፀሐይና ጨረቃ ሆኑ። ሾፌሩ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው የሚኖሩ አሮጊት እናት አሉት። እናቱ ሳያዩዋትና ሳይመርቁ አላገባም ብሏል፤ የልጅ ወግ ነው፣ አይፈረድበትም። ሁለቴ ቀጠሮ ያዙ። ሁለቴም አሮጊቷ ለብሰው፣ ቤታቸውን አጥበው፣ ደጅ ደጁን ሲያዩ ዋሉ። ሁለቴም ሾፌሩ ብቻውን ገባ።

በሁለተኛው ጊዜ እናቱ እጁን ይዘው አስቀመጡትና፣ «ልጄ፣» አሉት፣ «እውነቱን ንገረኝ፤ አልቆጣም። ሴትዮዋ አለች ወይስ ከብቸኝነት ብዛት ፈጥረሃት ነው?»

ይህን ለወር መጨረሻ ሲነግራት ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ ቆይተው እሱ ቀድሞ አቆመ።

«እኔ ሰው አላስጨንቅም፣» አለ። «አለቃሽንም አልሰድብም። ግን እናቴን ለሦስተኛ ጊዜ ደጅ አላስቀምጣትም። በሚመጣው ወር ማለቂያ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ በራችሁ ጋ እቆማለሁ። ከመጣሽ መጣሽ። ካልመጣሽ ግን፣ ወር መጨረሻን አግብተሻል ብዬ ለሁለታችሁም መልካም ጋብቻ ተመኝቼ እሄዳለሁ።»

እየቀለደ ይመስላል። ግን መሪ የለመደ ሰው ዓይን አያታልልም፤ ወዴት እንደሚታጠፍ አስቀድሞ ያያል። ወር መጨረሻ አወቀችው። ያን ቀን ቤቷ ገብታ መብራት ሳታበራ ተቀመጠች።

መድኃኒቱ የመጣው በአታሚ ማሽን ሰበብ ነው። አታሚው ወረቀት አኝኮ አልተፋም ሲል ከኮምፒውተር ክፍል አንዲት ባለሙያ ተላከች። መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ያለች ወጣት ናት። ወረቀቱን እየጎተተች የወር መጨረሻን ስክሪን አየት አደረገችና፣

«እትዬ፣ ይህንን በየወሩ በእጅዎ ነው የሚያስገቡት?» አለቻት።

«ታዲያ በእግሬ ላስገባው ነው?»

«አይ፣ ማለቴ... ሲስተሙ እኮ ራሱ ይመዘግባል። አንዴ ከተሞላለት በየወሩ ራሱ ይደግመዋል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተገዛ ጀምሮ።»

ወር መጨረሻ ወንበሯን አዞረች። ገንዘብ ያዥዋም አዞረች።

«ልጄ፣ እኔ ባልመጣስ?»

«ይመዘግባል።»

«ብታመምስ?»

«ይመዘግባል።»

«ብሞትስ?»

«እሱ ምን ያውቃል፣ እትዬ፤ ይመዘግባል።»

«እንግዲያው እስከ ዛሬ በከንቱ ነው በሕይወት የቆየሁት» አለች ወር መጨረሻ፣ ገንዘብ ያዥዋም ሳቋን ለቀቀችው።

ከዚያ ወዲህ ባለሙያዋ ከሥራ በኋላ እየመጣች አጠገቧ ተቀመጠች። ለእያንዳንዱ ምዝገባ ናሙና ይሞላለታል፦ ስሙ ምንድን ነው፣ የቱ ዴቢት ይሆናል፣ የቱ ክሬዲት፣ በየስንት ጊዜው፣ በየትኛው ቀን። ቀኑ ላይ ወር መጨረሻ ቁጥር ልትጽፍ ስትል ባለሙያዋ እጇን ያዘቻት፤ በፈረንጅ ወር ሁሉ እኩል አይደለም፣ «የወሩ የመጨረሻ ቀን» የሚለውን ይምረጡ አለቻት። ንጋት ላይ፣ ሰው ሳይገባ፣ ሲስተሙ ተነስቶ ይመዘግባል። ሁሉም እሺ፣ እሺ ተባለና ማብቂያው ቀን ላይ ሲደረስ ወር መጨረሻ ገግማ ቆመች።

«ባዶውን መተው ይቻላል፣» አለች ባለሙያዋ። «ባዶ ከሆነ አንድ ሰው እስኪያስቆመው ይቀጥላል።»

«ማብቂያ የሌለው ነገር እኔ አልሞላም። የአውቶቡሱ ኢንሹራንስ ያልቃል። የኮፒው ውል ያልቃል። ሕንጻውም ይፈርሳል። ዛሬ ዝም ብለን ብንለቀው ነገ የሌለ ኮፒ ማሽን ኪራይ ስንከፋፈል እንገኛለን።»

«ልክ ነዎት፣» አለች ልጅቷ፣ መከራከር የሰለቸው ሳይሆን ነገሩ የገባው ሰው ድምፅ ነበር። ለሁሉም ማብቂያ ሞሉለት። የማደሪያው ሕንጻ ማብቂያ እሷ ጡረታ ከወጣች ብዙ ዘመን በኋላ ሆነ። «ያን ጊዜ አንቺ ታስቆሚዋለሽ» አለቻት ባለሙያዋን፣ እንደ ኑዛዜ።

የቀረው አለቃው ነው።

አለቃው ደህና ሰው ነው። ቀጠን ያለ፣ ክራቫቱን የማይፈታ፣ በሩን የሚቆልፍና ከቆለፈ በኋላ ሦስቴ የሚገፋ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት የተተረተው እሱን አይቶ ይመስላል። ነገሩን ሲነግሩት መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ አደረገ።

«አይሆንም፣» አለ። «ወር መዝጋት የሰው ሥራ ነው። ማሽን ቢያጠፋ ማንን ልቆጣ ነው?»

«እኔን ይቆጡ፣» አለች ወር መጨረሻ። «ለምደውታል።»

«ደግሞስ ምን አስቸኮለሽ? ስንት ዓመት አብረን ዘግተን የለም? ወር መጨረሻ ላይ እኮ...» ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው። የሆነ ነገር ሊያመልጠው እንደነበር ወር መጨረሻ አስተዋለች፤ ግን ሐሳቧ ሌላ ጋ ስለነበር ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

እሷም ስለ ሾፌሩ፣ ስለ አሮጊቷ፣ ስለ ሁለቱ ቀጠሮ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። መለመን አታውቅበትም፤ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነው የነገረችው። አለቃው ጆሮው ቀላ። በመጨረሻ፣ «እሺ፣ አንድ ወር እንሞክር፣» አለ። «ግን ማንም እጁን አያስገባም። እኔም፣ አንቺም፣ ማንም። ማሽኑ ብቻውን መዝግቦ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሂሳቡ ጥርት ብሎ ከተገኘ ትሄጃለሽ። ካልተገኘ ግን እንደ ወትሮው እንቀመጣለን።»

«ተስማምቻለሁ» አለች።

ወሩ አለቀ። በመጨረሻው ቀን ዋዜማ እንደ ሰው በጊዜ ቤቷ ገባች። ማሽኑ ደግሞ ያለ እንቅልፍ ንጋትን ይጠብቃል። ለጉዞው ያዘጋጀችውን ቀሚስ ካየች በኋላ አጣጥፋ መልሳ ዘረጋችው።

ጠዋት ከሁሉም ቀድማ የገባች መሰላት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሲስተሙን ከፈተች። ሁልጊዜ የምታየውን፣ የራሷን ገጽ።

ባዶ ነው።

አደሰችው። ባዶ። ዘግታ ከፈተችው። ባዶ። አንድም ሕንጻ አላረጀም፣ አንድም ኮፒ አልተከፋፈለም።  ሰዓቱን አየች፤ እስከ ስድስት ሰዓት ጥቂት ሰዓታት አሉ። «ማሽኑ ቢያዋርደኝ እኔ አልዋረድም» አለች በልቧ። እጅ አይገባም መባሉን አልረሳችውም፤ ግን አሮጊቷ ለብሰው ደጅ ሲቀመጡ ታዩዋት። ጣቶቿ ደግሞ ፈቃድ አልጠየቁም። ያለ እረፍት መታችው፤ ሦስት ቀን ይፈጅባት የነበረው፣ ናሙናዎቹን ስትሞላ ቁጥሩ ሁሉ በቃሏ ስለተያዘ፣ ጠዋቱ ሳያልፍ አለቀላት። ገንዘብ ያዥዋ በመሃል ገብታ «ደህና አደርሽ» ስትላት «እህ» ብቻ አለቻት። ገንዘብ ያዥዋም የራሷን ኮምፒውተር ከፍታ ዝም ብላ ስትሠራ ቆየች። ያቺ ሴት ዝም ማለቷ ብቻ አንድ ነገር መኖሩን ሊያስጠረጥር ይገባ ነበር።

አለቃው ከቢሮው ወጣና ትራያል ባላንሱን አስወጣ፤ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑ የሚታይበት ወረቀት ነው። አየው። ዞር አድርጎ አየው።

«እኩል ነው» አለ፣ ድምፁ ግን የደስታም የሐዘንም አልነበረም።

ወር መጨረሻ ተነፈሰች። ገንዘብ ያዥዋም ተነፈሰች። አለቃውም ተነፈሰ። ሦስቱም ሌላው ለምን እንደተነፈሰ አልጠየቁም። ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነው። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው።

«እኔ ምን ኮፒ አደረግኩ ተብዬ ነው? የኮፒ በጀቴ አልቋል የሚል መልእክት መጣልኝ። ያሉኝን መጻሕፍት ሁሉ ከነሽፋናቸው ኮፒ ባደርጋቸው እንኳን ይህን ያህል አይመጣም።»

አለቃው «ቆይ፣ እናጣራለን» ብሎ ዘጋ። ወረቀቱን እንደገና አየ። ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ እኩል መሆን ግን ልክ መሆን አይደለም። ሁለት ቦታ ላይ አብዝተህ ብትጽፍ ሚዛኑ ምን ገዶት።

«የማደሪያው ሕንጻ...» አለ ቀስ ብሎ፣ «በአንድ ወር ውስጥ አራት ወር አርጅቷል።»

ባለሙያዋ ተጠራች። መጥታ የወር መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ከላይ ጥግ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ነካች።

«ይህ ገጽ የሚያሳየው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምዝገባ ብቻ ነው፣» አለች። «ሲስተሙ የመዘገበው በሲስተሙ ስም ስለሆነ እዚህ አይታይም። እስከ ዛሬ የሚመዘግቡት እርስዎ ብቻ ስለነበሩ አላወቁትም። አሁን ሁሉንም ላሳይ።»

ሁሉም ታየ። ስክሪኑ ላይ አራት ረድፍ ስም ተደረደረ።

ንጋት ላይ፦ ሲስተሙ። ያለ አንድ ስህተት፣ እንደታዘዘው።

ከዚያ በኋላ፦ ወር መጨረሻ።

ከወር መጨረሻ ጋር ጎን ለጎን፣ በዚያው ሰዓት፦ ገንዘብ ያዥዋ።

ሁሉም ወደ ገንዘብ ያዥዋ ዞሩ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። «አምና፣ ብትታመም እንድተካት ተብሎ በራሴ ስም መግቢያ ተከፍቶልኝ አልነበር? ገብቼ አየሁ፤ ባዶ ነው። ፊቷን አየሁ፤ እሱም ከሰል መስሏል። ጓደኛዬ ቆማ ቀርታ እኔ በምን አንጀቴ ብር እቆጥራለሁ? ናሙናዎቹን በወረቀት ጽፋ አስቀምጣ ነበር፤ እሱን እያየሁ መታሁት።»

«ወይ አንቺ፣» አለች ወር መጨረሻ፣ እንባዋ ሊመጣ ሲል ሳቋ ቀደመው። «አጠገቤ ተቀምጠሽ?»

«አንቺስ አጠገቤ ተቀምጠሽ?»

«ቆዩ እስቲ፣» አለች ባለሙያዋ። «አራተኛው አለ። ይህ ደግሞ ትናንት ማታ ነው የተመዘገበው። ማሽኑ ተራው ሳይደርስ።»

አራተኛው ስም የአለቃው ነበር።

 አለቃው ክራቫቱን ፈታ አደረገ። ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ሲያደርግ ያየው የዚያን ቀን ብቻ ነው።

«ማሽኑን አላመንኩትም እንዳይመስላችሁ፤ ተመዝግቦ ካገኘው የሚያልፈው መስሎኝ ነው፣» አለ። «ትናንት ባለቤቴ ደወለች። እናቷ ቤት እራት ተጠርተናል። እኔ ደግሞ...» ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ። እኔ ካገባሁ ጀምሮ በወር መጨረሻ ሥራ አለብኝ ስል ነው የኖርኩት። አማቴ ዘመዶቿን የምትሰበስበው በወር መጨረሻ ነው። ዙሪያዬን ከበው ስለ ሂሳብ ይጠይቁኛል። መቼ ነው የምታድገው ይሉኛል። ታናሽ ወንድሜ ስንት እንደሚያገኝ ይነግሩኛል። ትናንትም ሥራ ላይ ነኝ አልኳት።»

«ሥራ ሳይኖር?» አለች ገንዘብ ያዥዋ።

«ውሸት አልወድም፣» አለ አለቃው። «ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሠራሁ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ባለሙያዋ ናት፤ መነጽሯ እስኪወርድ። ከዚያ ገንዘብ ያዥዋ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። በመጨረሻ አለቃው ራሱ፣ የሰው ልብስ እንደተበደረ ሰው፣ ሳቁ እየሰፋው ሳቀ።

ያልሳቀችው ወር መጨረሻ ብቻ ናት። ሰዓቱን እያየች ነበር።

«አለቃ፣» አለች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔም ቸኩያለሁ፣ አፍስሻለሁ። ግን ስምምነታችን ማሽኑ ብቻውን ይችላል ወይስ አይችልም ነበር። ቻለ። ያልቻልነው እኛ ነን፤ አንድ ጠዋት እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ ያቃተን።»

«ማንም እጁን አያስገባም ብዬ ነበር» አለ አለቃው፣ ግን እንደ ቆረጠ ሰው አልነበረም፤ እንደሚለምን ነበር።

«ብለዋል። ከሁላችን ቀድመው ያስገቡትም እርስዎ ነዎት።» ድምፅዋን ለስለስ አደረገችና ቀጠለች። «ይመልከቱ እንግዲህ፣ እኔ ወደ አማት ለመሄድ እለፋለሁ፣ እርስዎ ከአማት ለመሸሽ ይለፋሉ። አንድ ወር መጨረሻ ለሁለታችን አይበቃም። ይልቀቁኝ።»

አለቃው መነጽሩን አወለቀ። ጠረገ። አደረገ።

«እያንዳንዱ የራሱን ይቀልብስ፣» አለ። «ማሽኑ የመዘገበው ይቆይ። ፍጠኑ።»

ተሰለፉ። የመዘገበ ነው የሚቀለብሰው፤ የሌላውን ሌላው አይነካም። ገንዘብ ያዥዋ እየተሳደበች ቀለበሰች፤ ስድቡ ለኮፒ ማሽን ነበር። ወር መጨረሻ በአንድ ዓይኗ ሰዓቱን እያየች ቀለበሰች። አለቃው ግን ዘገየ፤ የመግቢያ ቃሉን ሁለቴ ሳተ፤ ሦስተኛውን ከሳተ ደግሞ ሲስተሙ ይቆልፈዋል። ባለሙያዋ አጠገቡ ቆማ «ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ» ስትለው፣ ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። አጭር፣ አንዴ ብቻ። ስድስት ሰዓት ሞልቷል።

«ሂጂ» አለ አለቃው፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

«ሳይዘጋ?»

«ሂጂ ብዬሻለሁ። ይህን አንድ እንኳን ብቻዬን ላጥፋ።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ኮሪደሩን በእርምጃ፣ ደረጃውን በሩጫ፣ ግቢውን ደግሞ እንደማይሮጥ ሰው እየሮጠች አለፈችው። ጫማዋ ተረከዝ ነበረው፤ ለአሮጊቷ ብላ ያደረገችው። በሩ ጋ ስትደርስ መኪና የለም።

የበር ጠባቂው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። «ወር መጨረሻ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«እዚህ የቆመ ሰው...»

«ሄደ» አለ ጠባቂው።

 የአጥሩን ብረት ያዘች።

«ሄደና ተመለሰ፣» አለ ጠባቂው፣ ጥርሱን እየፋቀ። «ከዚያ ደግሞ ሄደ። እዚህ መቆም ክልክል ነው ብዬው ነው መሰል ያንን አደባባይ እየዞረ ነው። እኔ እኮ ሰውየው መንዳት የሚለማመድ መስሎኛል።»

አዩት። ከወንድሙ የተዋሳት ትንሽ አሮጌ መኪና ጥጉን ታጥፋ መጣች። ሾፌሩ ቆመ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገ፣ ላብ የጠመቃትን ሴትዮ ከጫማዋ እስከ ፀጉሯ አየ።

«ማህተም አላት?» አለ።

«አላት፣» አለች። «ደብዝዟል እንጂ።»

ገባች። ከከተማ እስኪወጡ ድረስ የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ የማደሪያው ሕንጻ አራቴ ማርጀቱን፣ የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ፣ የአለቃውን አማት። ሾፌሩ ስለ አማትየዋ ሲሰማ መኪናውን ዳር አቁሞ ነው የሳቀው። እንደገና ሲነዳ ስለ ማሽኑ ጠየቃት፤ ስለ ማብቂያው ቀን ነገረችው፣ ባዶ ከተተወ አንድ ሰው እስኪያስቆመው እንደሚቀጥል።

«እኔንስ እስከ መቼ ብለሽ ሞላሽኝ?» አላት፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው።

ወር መጨረሻ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ማሳው፣ የስልክ እንጨቱ፣ ደግሞ ማሳው፣ ደግሞ የስልክ እንጨቱ።

«ያንተን ባዶ ነው የተውኩት» አለች።

አሮጊቷ ደጅ አልነበሩም። በዚህኛው ጊዜ ለብሰው አልጠበቁም፤ የቤት ቀሚሳቸውን እንዳደረጉ ጓዳ ነበሩ። ልጃቸው «እማዬ» ሲል፣ «ብቻህን ግባ፣ ለምጄዋለሁ» አሉ ከውስጥ። ከዚያ ብቅ ሲሉ በሩ ላይ ሁለት ሰው አዩ። ቀረብ አሉ። ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን ዘርግተው የወር መጨረሻን ጉንጭ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አደረጉ።

«ሰው ናት» አሉ ለልጃቸው።

«ነኝ፣ እማማ» አለች ወር መጨረሻ፣ ጉንጯን እያሸች።

«ቀጭን ነሽ። ግቢ። ምነው ሁለቴ አስጠበቅሽኝ?»

ተቀመጡ። ወር መጨረሻ ምን ብላ እንደምትጀምር ሳታውቅ፣ ጣቶቿ የወንበሩን እጀታ ሲመቱ ስልኳ ጮኸ። አለቃው ነው። ያ ሁሉ ሩጫ ለከንቱ የሆነ መሰላት። አሮጊቷ «አንሺው፣ ጩኸት አልወድም» ስላሏት አነሳች።

«ሂሳቡ ተዘጋ፣» አለ አለቃው። በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው። «ጥርት ብሏል። የቤተ መጻሕፍቱ ሰውዬም ይቅርታ ተጠይቋል። የደወልኩት ግን ለሌላ ነው። ባለቤቴ ቢሮ ደውላ ኖሮ ያቺ ገንዘብ ያዥ ‹እሱማ ሥራውን ጨርሷል፣ ማሽን ገብቶልን የለም› ብላት አረፈች። ዛሬም ተሰብስበው ነበር፤ አሁን አማቴ ሳሎን ነኝ። ከበውኛል። ምን ይባላል?»

ወር መጨረሻ ዙሪያዋን አየች። አሮጊቷ ያዩዋታል። ሾፌሩ ያያታል። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ስኒ ልመልስ ብላ መጥታ በሩን ተደግፋ ታያታለች።

«አለቃ፣» አለች፣ «እኔም እኮ እዚያው ነኝ። የሰጡዎትን ይብሉ። የጠየቁዎትን ይመልሱ። አይሽሹ።»

«ማነው?» አሉ አሮጊቷ።

«አለቃዬ ናቸው፣ እማማ። አማታቸውን ፈርተው ነው።»

አሮጊቷ እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ ለጠፉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስማ፣ ልጄ፣» አሉ። «እኔም አማት ልሆን ነው፤ ነገሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ። አማት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንድትመጣ። ከመጣህ በኋላ ብትተኛም አይከፋት። ደግሞ ይህችን ልጅ በወር መጨረሻ አትደውልባት፤ በወር መጨረሻ እኔ ቤት ናት።»

ከዚያ ስልኩን የቱ ጋ እንደሚዘጋ ስላላወቁ፣ እንደተከፈተ ለልጃቸው አቀበሉትና፣ ጎረቤቷን፣

«ምን ቆመሽ ታያለሽ፣ ገብተሽ ቆንጥጫት እንጂ፤ እውነተኛ ናት» አሏት።